ከባትሪ ድንጋይ የተማርነው ልማድ

(ባለፈው እሑድ በሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ያልተገኙ ጎረቤቶች ስለጠየቁኝ በጽሑፍ አሰናዳሁት። ከተሰብሳቢው የተነሡትን አንዳንድ ጥያቄዎችም በየቦታቸው አስገብቻለሁ።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

እስቲ ባትሪ ድንጋይ የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ። አዎ፣ ሁላችንም ማለት ነው። ልጅ ሆኜ የአባቴ ሬድዮ ድምፁ ሲደክም ድንጋዮቹን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣቸው ነበር። ፀሐዩ አልሠራ ካለ በጥርሳችን ነከስ ነከስ እናደርጋቸዋለን። ደግሞ ይሠራ ነበር! ቢያንስ ዜናው እስኪያልቅ ነፍስ ይዘሩ ነበር። ጨርሰው ሲሞቱም ቀጥቅጠን መሃል ያለችውን ጥቁር ዘንግ እናወጣና ግድግዳ ላይ እንጽፍባታለን።

እነዚያ ድንጋዮች ብዙ ችለውናል። ቢከፋ ቢከፋ አፍስሰው ሬድዮውን ያበላሹ ነበር። ዛሬ ግን ያንኑ ልማድ እንደያዝን ሌላ ዓይነት ባትሪ እጃችን ገብቷል። የስልኩ፣ የፓወር ባንኩ፣ የላፕቶፑ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሉ ባትሪ ሊቲየም ነው። ገጠር ላሉ ዘመዶቻችን የምንልከው የሶላር መብራትም አብዛኛው እንደዚያው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ መኪናውም ተጨምሯል። ግቢያችን ውስጥ ስንት የኤሌክትሪክ መኪና እንደሚቆም ታያላችሁ።

ባትሪውን ጥሉት ልላችሁ አልመጣሁም። እኔ ራሴ ስልክና ላፕቶፕ እየጠገንኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት፤ እንጀራዬ ነው። ሥራውም ትልቅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ የሚባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። የምለምናችሁ እንደ ባትሪ ድንጋይ እንዳትይዙት ነው።

ውስጡን ልንገራችሁ። የስልክ ባትሪ ሲከፈት (እባካችሁ እናንተ አትክፈቱት) እንደ ጥቅልል እንጀራ ነው። ሁለት ስስ ብረቶች አሉ፤ አንዱ መዳብ፣ አንዱ አሉሚኒየም። በላያቸው ዱቄት መሰል ነገር ተቀብቷል። በመሃላቸው ስስ ፕላስቲክ ገብታ አብረው ይጠቀለላሉ። ያቺ ፕላስቲክ ከጸጉር ትቀጥናለች። ሥራዋም ሁለቱ እንዳይነካኩ መለየት ነው። ጥቅሉ የራሰበት ፈሳሽ ደግሞ እንደ ቤንዚን የሚነድ ነው።

ባትሪው ሲቀጠቀጥ፣ ሲታጠፍ፣ ሲበሳ ወይም ከልክ በላይ ሲግል ያቺ ፕላስቲክ ትቀደዳለች፣ አለዚያም ትቀልጣለች። 130 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አትችልም። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ይገናኙና ሾርት ያደርጋል። ሾርቱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ኬሚካሉን ያፈርሰዋል፤ ኬሚካሉ ሲፈርስ ሌላ ሙቀት ይለቃል። እዚህ ከደረሰ ከሶኬት ብትነቅሉትም አይቆምም፤ ራሱን በራሱ እያጋለ ይሄዳል። በብርድ ልብስ አፍኖ ማጥፋትም አይቻልም። የሚያስፈልገውን ሁሉ በሆዱ ይዟልና።

አሁን በራሴ የደረሰውን ልናገር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነው። ባትሪው ያበጠ ስልክ መጣልኝ። ባትሪውን ላወጣ ብታገል ሙጫው አልለቅ አለ። ቸኩዬ ስለነበር የፕላስቲኩን መሣሪያ ትቼ ካቻቢቴ ከተትኩበት። ፍሽሽ አለ። ነጭ ጭስ ወጣ፤ ወዲያው እሳት። ሁሉም ዓይን እስክትጨፍኑ ድረስ ነው። እጄ ትንሽ ተለበለበ እንጂ ብዙም አልተጎዳሁም። ሱቄ ግን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ናት፤ መስኮት የላትም። እኔና ረዳቴ ጭሱን በካርቶን እያራገብን እዚያው ቆየን። ዕቃው አሳስቶን ነው። ማታ ልጁ ደረቱን ጨመደደው። ሲያስል አድሮ ጠዋት ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ደግነቱ ተረፈ። የሰው አደራ ይዤ፣ የሃያ ዓመት ልጅ፣ በእኔ ችኮላ። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ያን ቀን እሳቱን እንጂ ጭሱን አልፈራነውም ነበር። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ የከሰል ጭስ ስንቱን ቤተሰብ ተኝቶ እንዳስቀረ የምናውቀው እሱ ነው። ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል ጋዝም አለ። ይህኛው ዓይንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። ሳንባ ከገባ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ሰውየው «ደህና ነኝ» ብሎ ቤቱ ይገባና ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ የባትሪ ጭስ የሳበ ሰው ሳል ወይም የደረት ሕመም ባይሰማውም ሐኪም ይየው። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ከፈሰሰም ቶሎ በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያ መታየት ነው። ለሐኪሙም «የሊቲየም ባትሪ ነው» በሉት። ይህ አሲድ ቆዳን ዘልቆ ገብቶ ከሰውነት ካልሲየም ጋር ስለሚጣመር ሕክምናው ከተራ ቃጠሎ ይለያል።

አንድ አባት ከኋላ ተነሥተው «ልጄ፣ ይሄ የኮፒ ዕቃ ጉዳይ ነው፤ ኦርጅናል ከገዛን ምን ያሰጋናል?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኦርጅናል በእርግጥ ይሻላል። ግን የራሳችንን አየር መንገድ ታሪክ ላስታውሳችሁ።

ድሪምላይነር የሚባሉት የቦይንግ አውሮፕላኖች ገና አዲስ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2013፣ በሁለት የጃፓን አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ላይ ባትሪያቸው ጋለና አንዱ በቦስተን ነደደ። ዓለም ላይ ያሉት ድሪምላይነሮች በሙሉ ከበረራ ታገዱ። ቦይንግ ባትሪውን ጭሱን ወደ ውጭ በሚያስወጣ የብረት ሣጥን ውስጥ ከተተውና በረራው ተፈቀደ። መጀመሪያ መንገደኛ ጭኖ የተነሣውም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ። ብዙዎቻችን በኩራት ነው ያየነው።

ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ለንደን ሂትሮው የቆመ የአየር መንገዳችን ድሪምላይነር በእሳት ተያያዘ። መንገደኛ አልነበረበትም። ሞተሩ አልተነሣም። ከቆመ ሰዓታት አልፈዋል። ሁሉም ሰው «ያው ትልቁ ባትሪ ነው» አለ። የእንግሊዝ የአደጋ መርማሪዎች ሲፈትሹት ግን ሌላ ሆነ። አውሮፕላን ቢወድቅ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ትንሽ መሣሪያ ጭራው አጠገብ ጣሪያው ላይ አለ። የዚያ መሣሪያ ባትሪ ክዳን ሲገጠም ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ተጠላልፈው ከሥሩ ተቆንጥጠዋል። ሽቦዎቹ ተላላጡ፣ ተነካኩ፣ ባትሪው ጋለ። ያችን የምታክል ነገር የአውሮፕላኑን ጣሪያ በላችው። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ዳግም በረረ። ሰው ተሳፍሮበት ሰማይ ላይ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ስለዚህ አባቴ፣ ኦርጅናል መሆኑ ብቻ አይበቃም። እዚያ ባትሪው በታወቀ ፋብሪካ የተሠራ ነው። ያጠፋው የተቆነጠጠ ሽቦ ነው። እኛ ደግሞ በየቀኑ ሽቦ እንቆነጥጣለን፤ ፍራሽ ሥር፣ በር ሥር፣ አልጋ እግር ሥር።

ያ የአውሮፕላኑ ባትሪ ሊቲየም ማንጋኒዝ የሚባለው ዓይነት ነው። ስሙን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በየቤታችሁ የዚያው ወገን የሆነች አንዲት ትንሽ ባትሪ አለች። ዛሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ እሷን እንዳትረሱብኝ።

ይቺውላችሁ፤ የሳንቲም ባትሪ። ላይዋ ላይ ሲአር 2032 ይላል። 20 ማለት ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ 32 ማለት ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮዋን አምስት ሳንቲም ታክላለች። የመኪና ቁልፍ ውስጥ አለች። ክብደት መመዘኛው ውስጥ፣ ትንንሽ ሪሞት ውስጥ፣ ሲከፈት የሚዘፍን የልደት ካርድ ውስጥ፣ የሚያበራ መጫወቻ ውስጥ አለች። ታብለጨልጫለች። ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚያደርገው።

ሳንቲም የዋጠ ልጅ ብዙ ጊዜ ሳንቲሙ በሰገራ ይወጣለታል። ይቺ ግን በስፋቷ ምክንያት የሕፃን ጉሮሮ ላይ ትቀረቀራለች። እርጥብ ሥጋ ሲነካት ኤሌክትሪኩ በሥጋው ውስጥ ያልፋል። በኔጋቲቩ ፊት በኩል ኮስቲክ ሶዳ የመሰለ ነገር ይፈጠራል፤ ሳሙና የምትሠሩ እናቶች ታውቁታላችሁ፣ በጓንት ነው የሚያዘው። ያ ነገር የጉሮሮን ሥጋ ይበላዋል። ከባድ ቃጠሎ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ይበቃታል። ለማቃጠል ባትሪዋ መፍሰስ ወይም መሰበር አያስፈልጋትም፤ አዲስ ሆና እንዳለች ነው የምታቃጥለው። «አልቃለች» ብለን የጣልናትም መጫወቻውን ማሠራት ቢያቅታት ለጉሮሮ የሚተርፍ ኃይል አላት።

ክፋቱ ልጁ አይናገርም። ምልክቱ ጉንፋን ይመስላል፤ ሳል፣ ለሃጭ መብዛት፣ ምግብ እንቢ ማለት፣ ማስመለስ፣ የድምፅ መጎርነን። እናት «ጥርስ እያወጣ ነው» ትላለች። አይፈረድባትም፣ ሲውጣት አላየችማ። ከቤት አንዲት ባትሪ ከጠፋችና ልጁ እንዲህ ከሆነ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ። ራጅ ወዳለበት ሐኪም ቤት ሩጡ። ስትደርሱም «ባትሪ ውጦ ሊሆን ይችላል» በሉ። ራጅ ላይ ሳንቲም አንድ ክብ ሆኖ ይታያል። ባትሪ ግን ጠርዟ ላይ ድርብ ክብ ታሳያለች። ሐኪሙ አስቀድሞ ካልሰማ ሳንቲም ነው ብሎ ሊያልፋት ይችላል።

እንዲያስመልሰው አታድርጉ። «ዳቦ ትግፋው» ብላችሁም አታጉርሱት። አንድ ነገር ግን ቤታችን አለ፣ ማር። ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለ፣ ባትሪዋን ከዋጠም ከ12 ሰዓት ካልበለጠ፣ ወደ ሐኪም ቤት በመንገድ ላይ ሳላችሁ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር ስጡት፤ ከስድስት ጊዜ አይበልጥም። ማሩ ባትሪዋን ይለብሳታል፣ ቃጠሎውንም ያዘገየዋል። አያድነውም። ታክሲ ፍለጋውን ትታችሁ ማር ፍለጋ ሱቅ አትሂዱ።

አንዲት እናት «ወተትስ?» ብለው ጠየቁ። ወተትም ውኃም ሌላ ምግብም አይሰጥ። ባትሪዋን ለማውጣት ልጁ ማደንዘዣ ሊወስድ ስለሚችል ሆዱ ባዶ ቢሆን ይመረጣል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማሩም ይቅር። ባትሪዋ ከወጣች በኋላም ሐኪሙ ተመለሱ ባለው ቀን ተመለሱ። ቁስሉ ከቀናት በኋላ ትልቅ የደም ሥር ሊበሳ ይችላል። ደም ካስመለሰው ወይም ሰገራው ከጠቆረ በዚያው ሰዓት ነው መሮጥ። አፍንጫና ጆሮ ውስጥ የገባችም እንደዚያው ታቃጥላለች፤ ጠብታ አትጨምሩባት።

ዛሬ ቤት ስትገቡ መጫወቻዎቹን አገላብጡ። የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረ በናስትሮ ጠቅልሉት። አሜሪካ ውስጥ አንዲት የ18 ወር ሕፃን በዚህ ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 ክዳኑ ሕፃን እንዳይከፍተው የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። እኛ ሕጉን እስክናገኝ ናስትሮው አለ።

ወደ ቻርጅ ልመለስ። መብራት ስለሚሄድ ሲመጣ ያለንን ሁሉ በአንዴ እንሰካለን፤ ስልኩን፣ ፓወር ባንኩን፣ ላፕቶፑን፣ ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ። ከዚያ ስልኩን ትራስ ሥር አድርገን እንተኛለን። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል። ትራስና ብርድ ልብስ ሙቀቱን ያምቁታል። ጠረጴዛ ላይ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ መጋረጃ በሌለበት አድርጉት። ከቻላችሁ ነቅታችሁ ሳላችሁ ቻርጅ አድርጉ። ፓወር ባንክ ስትገዙ ደግሞ ሚዛን ላይ አውጡት። ከልቤ ነው። እውነተኛ 20,000 ሚሊአምፕ ሰዓት የያዘ ፓወር ባንክ ከ300 ግራም በላይ ይመዝናል። ላባ የሚያክለው ላይ 20,000 ከተጻፈ ጽሑፉ ውሸት ነው። በጽሑፉ የዋሸ ሰው ውስጡ መግባት ያለበትን መከላከያም አላስገባም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የሞተር ሳይክሉ ነገር ነው። ልጆቹ ማታ ሠርተው ይመጣሉ፤ ሌባ ስለሚፈሩ ሞተሩን ደረጃ ሥር ያስገቡና እዚያው ይሰኩታል። እረዳቸዋለሁ፣ እንጀራቸው ነው። ግን የሞተሩ ባትሪ በውስጡ ብዙ ትንንሽ ባትሪዎች አሉት። አንዱ ሲነድ ጎረቤቱን ያቀጣጥላል። ደረጃው ደግሞ የሁላችንም መውጫ ነው። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 268 የሊቲየም ባትሪ እሳት ተነሥቶ 18 ሰው ሞቷል። ብዙው የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስኩተር ነው። ከሚነዱትም ብዙዎቹ እንደ እኛ ልጆች ምግብ የሚያደርሱ ድሆች ናቸው። ኮሚቴያችን ጥበቃው አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ቆርቆሮ ጣሪያና ሶኬት ቢሠራላቸው ብዬ አመልክቻለሁ። ዛሬም ደግሜ እለምናለሁ።

ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ጉዳዩ አልቋል። የስልኩ ስክሪን ከፍ ካለ፣ ጀርባው አልገጥም ካለ፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ከተንገዳገደ ባትሪው አብጧል። ውስጡ ጋዝ ሞልቷል። ተጭናችሁ አትግጠሙት። በመርፌ በስታችሁ አየሩን አታውጡ፤ ይህን ያደረጉ ደንበኞች አሉኝ። በጥርስም አትሞክሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይና ውስጥ አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ የስልክ ባትሪ ኦርጅናል መሆኑን ለማወቅ ነከስ ሲያደርገው ፊቱ ላይ ሲፈነዳ የሱቁ ካሜራ ቀርጾታል። ልክ እንደ እኛ ባትሪ ድንጋይ። አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ሊነድ ከሚችል ነገር አርቃችሁ ለባለሙያ ስጡ።

ቢነድስ? አንድ ወጣት «ሊቲየም ውኃ ሲነካው ይፈነዳል ተብለን ነው የተማርነው» አለኝ። የተማርከው ስለ ንጹሑ ብረት ነው። ስልክና ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው እንዲህ አይደለም። ለእነሱ ውኃ ጥሩ ነው፣ ብዙ ውኃ፤ የምንፈልገው ማቀዝቀዝ ነውና። ቻርጅ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ከቆጣሪው አጥፉ። ትንሽ ነገር ከሆነና ጭሱ ካልበዛ ከርቀት ውኃ ድፉበት። በእጃችሁ አታንሡት። ጠፋ ብላችሁም ቤት መልሳችሁ አታስገቡት፤ ከሰዓታት በኋላ ዳግም ሊነሣ ይችላል። የሞተር ወይም የመኪና ባትሪ ከሆነ ግን አትታገሉት። ሰው አስወጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ለእሳት አደጋ 939 ደውሉ።

ዘመድ ከዓረብ አገር የሚመጣላችሁ ደግሞ ይህን ንገሩት፤ ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በእጅ ነው የሚያዘው። ልብስ መሃል ተደብቆ ከታች ከነደደ ማንም አያየውም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ሊቲየም ባትሪ የጫነ የዕቃ አውሮፕላን ከዱባይ ተነሥቶ ሲነድ ሁለቱም አብራሪዎች ሞተዋል።

የመጨረሻው ቆራሌው ነው። «ቆራሌው!» ሲል ያለቀውን ባትሪ ከብረታ ብረቱ ጋር ደባልቀን እንሰጠዋለን። እሱ ደግሞ መዳቡን ለማውጣት በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፣ ጓንትም የለውም። እባካችሁ ይህን አናድርግ። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም አንጣለው፤ የቆሻሻ መኪናው ሲጠቀጥቀው በእሳት ይያያዛል። በእኛ ሰፈር ባትሪ የሚሰበስብ ሣጥን የለም። ስለዚህ ለጊዜው ሱቄ በር ላይ አሸዋ የሞላ ትልቅ ጣሳ አስቀምጣለሁ። ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍናችሁ አምጡልኝ። ያበጠ ከሆነ ጣሳው ውስጥ አትጨምሩት፤ ጥሩኝ፣ እኔ ልምጣ።

ስብሰባው ተበትኖ ወንበር ስንሰበስብ ስለ ወተት የጠየቁት እናት ከቤታቸው ተመልሰው መጡ። በፌስታል የልጅ ልጃቸውን መጫወቻዎች ይዘዋል። አምስት ነበሩ። ሁለቱ ክዳናቸው የለም። የአንዱ ባትሪ ቦታው ላይ አልነበረችም። ተያይዘን ቤታቸው ሄድን፤ ሶፋውን ገለበጥን፣ ምንጣፉን አነሣን። ከቡፌው ሥር አገኘናት።